ካርታው ላይ የጎደሉት ነጥቦች

በላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ምላጭ» ነው የሚላት። ስሙ በክፋት የወጣላት አይደለም። በበረዶ የደረቀ አንጎል ከፀጉር በሳሳ ውፍረት እየላጠች፣ አንዱን ቁራጭ ከሌላው ሳታቀላቅል በቀን ሁለት መቶ መስታወት ላይ የምታሰፍር እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ምላሷም ቢሆን ከመቁረጫዋ እምብዛም አይዶለድም የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ግን እሷ በሌለችበት ነው።

ሥራው ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሆርሞን እንደ ተሠራ ወዲያው ከአንጎል ሕዋስ አይወጣም። መጀመሪያ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ይሠራል፤ ከዚያ ተጣጥፎ፣ ተቆራርጦ፣ ተስተካክሎ ነው ሆርሞን ለመባል የሚበቃው። ገና ያልተቆረጠውን ሰንሰለት መጻሕፍቱ «ቅድመ ሆርሞን» ይሉታል፤ እነ ምላጭ ግን «ጥሬው» ይሉታል። የእነሱ ድርሻ ጥሬው በአንጎል ውስጥ የትና የት እንደሚገኝ ካርታ መሥራት ነው። በቁራጩ ላይ ጥሬውን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፈሳሽ ያፈስሳሉ፣ ቀለም ይጨምራሉ፤ ጥሬው ያለበት ሕዋስ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ምላጭም በማይክሮስኮፕ አጎንብሳ እያንዳንዱን ቡናማ ሕዋስ ካርታው ላይ አንድ ነጥብ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። እንዲህ ነጥብ ስታስቀምጥ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

የዚህ ዓመቱ ጥሬ ውሃ የሚያስይዘው ሆርሞን ጥሬ ነበር። ይህ ሆርሞን ኩላሊትን «ውሃውን አትልቀቀው» የሚል ነው። እሱ የጎደለበት ሰው የጠጣው ሁሉ ወዲያው በሽንት ይወጣበታል፤ ስለዚህ ሲጠጣ ይውላል፣ ሲጠጣ ያድራል፤ ውሃ ከከለከሉት ደግሞ ደሙ ይደርቃል። ጥሬው ደምቆ እንዲታይ ሲፈለግ የላቦራቶሪው አይጦች ለሁለት ቀን ውሃ ይከለከላሉ። ሕዋሶቻቸው በጭንቅ ጥሬ ያመርታሉ፣ ቡናማው ይጎላል። የውሃ ጡጦዎቹን ከሽቦ ቤታቸው ላይ የምታነሣው ምላጭ ነች። የተጠማ አይጥ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ሽቦውን ይልሳል፣ በኋላ ጸጥ ይላል። እሷም እውነቱን ለመናገር ጸጥታውን ትወደው ነበር፤ ለሥራ ይመቻታል።

እንግዲህ ይህች ሴት ያገባችው «ከበርሜሎች» ቤት ነው። የሰፈሩ ሰው የባሏን ቤተሰብ በዚህ ስም ነው የሚያውቀው፤ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ውሃ አይጠግቡማ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነቱ ከመጫኑ በፊት የእሱ ጀሪካን ከወንበሩ አጠገብ ይጫናል። አማቷ ደግሞ ባለ አምስት ሊትር ክዳናም ጆግ ከራስጌያቸው አይለያቸውም፤ ሌሊቱን ሲሞላና ሲጎድል ነው የሚያድረው። ምላጭ በሠርጓ ሰሞን ይህን ቀልድ ሰምታ ሆዷን ይዛ ስቃለች። ልጇ ሚጢጢ ስድስት ዓመት ሞልቷት አልጋ ላይ መሽናት አልተው ስትል ግን ሳቁ ቀረ። ጥፋቱን ሁሉ በጆጉ ላይ አላከከች፤ ልጅቷን ውሃ እየጋቱ ያስለመዷት አማቷ ናቸው አለች። አማቷም ፊታቸውን አዙረው እኛ ቤት ሰው ሲጠማው ይጠጣል ከማለት በቀር መልስ አልሰጧትም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አይጥና ድመት ሆኑ።

ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም የሚል ይኖራል። አላሰበችውም። ነጩን ጋውን ከግድግዳው ላይ ስትሰቅል የቀን ሐሳቧንም አብራ ሰቅላ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። በዚያ ላይ በሽታ ማለት ለእሷ በቁጥር የታሸገ፣ በበረዶ የደረቀ ነገር ነው፤ ጓዳዋ ገብቶ ውሃ የሚለምን አልመሰላትም።

የሚጢጢ ቶንሲል እያበጠ ትንፋሽ ስለነሳት ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ተያዘላት። ነርሷ ከዋዜማው እኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብም ውሃም በአፏ እንዳይዞር አዘዘች። ምላጭ ትእዛዙን አጥብቃ ከእራት በኋላ ጀመረችው። ጆጉን ከአማቷ ክፍል አውጥታ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሚጢጢ ከአያቷ ጋር ነው የምትተኛው፣ ቀንም ከቀሚሳቸው ሥር አትጠፋም፤ ስለዚህ አማቷን ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻቸው።

«እማማ፣ ማደንዘዣ ስትወስድ ሆዷ ውስጥ ውሃ ካለ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ሊያንቃት ይችላል። እርስዎ ሲጠጡ ካየች ደግሞ አምጡ ብላ ታለቅሳለች፣ እርስዎም አይጨክኑባትም። እሷ እያየች አንዲት ጉንጭ ከጠጡ ልጄን የገደሏት እርስዎ ነዎት።»

አሮጊቷ ቁልፉን አዩ፤ ምራታቸውን አዩ።

«እሺ። እሷ እያየች አልጠጣም» አሉ።

ምላጭ የዚያን ዕለት ማታ ያሸነፈች መስሏት ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት አያትና የልጅ ልጅ ወደ ሆስፒታል ሄዱ፣ እሷ ወደ ሥራ። ሰባት ሰዓት ላይ ልትደርስባቸው ነበር የተስማሙት። የቀረችው ቁጥር አሥራ ሰባትን ለመጨረስ ነው። ቁጥር አሥራ ሰባት ቤተሰቦቹ ፈቅደው ለጥናት የሰጡት የአንድ ሟች አንጎል ነው። በዚያ ላቦራቶሪ ሕግ ቆጣሪው ሰው ሟቹ ማን እንደነበረ፣ በምን እንደሞተ አያውቅም። ታሪኩ በታሸገ ፖስታ ከኃላፊዋ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚከፈተውም የመጨረሻው ነጥብ ካርታው ላይ ሲያርፍ ነው። አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የፈለገውን ያያልና።

ይህ ቁጥር ሦስት ሳምንት ሙሉ አደከማት። በሌሎቹ አንጎሎች ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ ጥሬው ግጥም ብሎ ይታያል፤ ካርታው በነጥብ ይጠቁራል። እዚህ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ምላጭ ፈሳሹ ተበላሽቶብኝ ነው ብላ ከኃላፊዋ ደብቃ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ፈሳሹ ያልነካው አንድ መስታወት አብሮ ይገባል፤ «ድዳው» ነው የሚሉት፤ ድዳው ቡናማ ካወጣ ዙሩ በሙሉ ይጣላል። ድዳው ሦስቱንም ጊዜ ንጹሕ ነበር። በዚያው ሳህን የተነከረው የሌላ ሰው ቁራጭም በደንብ ቀልሟል። እጇ አልሳተም ማለት ነው፤ ሕዋሶቹ ራሳቸው የሉም። በየቦታው የቀሩት ጥቂቶችም ጥሬው ውስጣቸው ታምቆ አብጠዋል።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደወለች። አማቷ ስልኩን አነሱ። ልጅቷ እንዴት ናት ስትላቸው ቃሉን እየጎተቱ «ጸጥ ብለናል» አሏት። ድምፃቸው የወፈረው አኩርፈው ነው ብላ ገመተች። በልቧ ጎሽ፣ ዛሬ እንኳ አልተነታረኩኝም ብላ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጨረሻውን ነጥብ አስቀመጠች። ኃላፊዋ መነጽር በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሐኪም ናቸው። ፖስታውን በመቀስ ቀደዱና ቆመው አነበቡላት።

ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው። ዕድሜውን ሙሉ በቀን እስከ አሥራ አምስት ሊትር ውሃ ይጠጣ ነበር። እናቱም እንዲሁ ነበረች፤ ከአራት ልጆቹ ሁለቱም እንዲሁ ናቸው። ቤተሰቡ ጠባያችን ነው ይላል እንጂ እንደ በሽታ ቆጥሮት ለሐኪም ነግሮ አያውቅም። ለቀላል ቀዶ ጥገና ከማታ ጀምሮ ውሃ ተከለከለ፤ ተራው ዘገየ። አልጋው ላይ ጸጥ ብሎ ስለነበር ነርሶቹ የተኛ መስሏቸው አልነኩትም።

ኃላፊዋ ወረቀቱን አስቀምጠው ካርታውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። በዘር የሚወርድ ነው አሉ። ጥሬው ገና ሲሠራ ይጣመማል፤ ስለተጣመመ አይቆረጥም፣ ከሕዋሱም አይወጣም፤ እዚያው ታጭቆ ሕዋሱን ይገድለዋል። ሲወለዱ ደህና ናቸው፤ ሕዋሶቹ እያለቁ ሲሄዱ ነው ጥማቱ የሚመጣው። ከወላጅ አንዱ ካለበት ከሁለት ልጅ አንዱ ይወርሰዋል። መድኃኒት እኮ አለው፤ ምን ያደርጋል፣ ማን ጠይቋቸው አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ።

ምላጭ ከዚህ በኋላ ያሉትን አልሰማችም። ጠረጴዛውን ያዘች። ጆጉ ታያት። ጀሪካኑ ታያት። የሚጢጢ እርጥብ አንሶላ ታያት። ትናንት ማታ ልጇ በሩ ሥር ተቀምጣ ትንሽ ብቻ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ ስትላት «ተኚ» ብላ መብራቱን ያጠፋችባት ታያት። ከትናንት አንድ ሰዓት እስከ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ በጣቷ ልትቆጥር ሞከረች፤ ቁጥሩ ጠፋባት። ጸጥ ብለናል ነበር ያሏት።

ደወለች፣ አልተነሣም። ደግማ ደወለች። ለሆስፒታሉ ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ጋውኗን ሳታወልቅ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደችና መንገድ ላይ ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ገባች። ሹፌሩ ነጭ ጋውን አይቶ የሐኪም አጣዳፊ ነገር መስሎት ጥሩምባውን አንጫጫው፤ ፊት ያሉት መኪኖች ግን ንቅንቅ አላሉም።

ባሏ በሦስተኛው ጥሪ ተገኘ። ውሃ ሳትጠጣ ስንት ሰዓት ትቆያለህ ብትለው ሳቀ። ሦስት ሰዓት ከቆየሁ ራሴን ይፈልጠኛል፣ አራት ከሆነ መሪውም አይታየኝ አላት። ለምን ጠየቅሽኝ ሲላት ልጅቷ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠጣችም ለማለት እየሞከረች ድምፅዋ ተቆረጠ። ባሏ መኪናውን ዳር ሲያቆም ተሰማት።

«እማዬስ?» አላት። «እማዬ ከእኔም ትብሳለች እኮ።»

እሷ ይህን ልብ ብላ የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። በአእምሮዋ ያለው የሚጢጢ ራስ ብቻ ነበር፤ በዚያ ትንሽ ራስ ውስጥ ነጥቦች አንድ በአንድ ሲጠፉ ታያት። ስልኩን ዘጋችበት። ከታክሲው ወርዳ የቀረውን መንገድ በሩጫ ፈጀችው።

የመጠበቂያው ክፍል ሰው ሞልቶታል፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ያለ ድምፅ ይሠራል። ሚጢጢን አላየቻትም። ስሟን ጠራች፣ መልስ የለም። አንዲት ነርስ ተራው ገና ነው፣ ልጅቷ እዚህ ነበረች አለቻት። ምላጭ በወንበሮቹ ሥር አየች፣ መጸዳጃ ቤቱን ከፈተች፣ የማታውቀውን ሰው እጅ ይዛ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ አላዩም ወይ አለችው። ያ ሟች ልብስ ሰፊ ከፊቷ አልጠፋ አለ። ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ስትዞር ከመስኮቱ ሥር ቀይ ነገር ታያት።

ሚጢጢ መሬት ላይ ተቀምጣ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ በሁለት እጇ አቅፋለች። አበቦቹ ተነቅለው አጠገቧ በሥርዓት ተደርድረዋል። ማስቀመጫው ባዶ ነው። አገጯ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፏል፣ ሹራቧ እስከ ሆዷ ረጥቧል። እናቷን ስታይ ደንግጣ ማስቀመጫውን ከኋላዋ ልትደብቅ ሞከረች።

«ያኛውንም ጠጥቼዋለሁ» አለች፣ በጣቷ ሌላ መስኮት እያሳየች። «አትቆጪኝ።»

ምላጭ አቀፈቻትና አለቀሰች። ስማ ስማ አልጠግባት አለች፤ የሚሸተውን የአበባ ውሃ ከነቅጠሉ ሳመችው። ነርሷ ተከትላ ደርሳ ልጅቷ ከጠጣች ቀዶ ጥገናው ቀረ ብላ ልትቆጣ ስትል ምላጭ ይቅር፣ ውሃ ስጧት፣ የፈለገችውን ያህል ስጧት አለቻት። ለጥቂት ጊዜ በዓለም ላይ ሌላ ችግር የቀረ አልመሰላትም።

«አያትሽስ የት አሉ?» አለች ዕንባዋን እየጠረገች።

«ተኝታለች። ስቀሰቅሳት እምቢ አለች፤ ስልኩም ሲጮህ አልነቃችም።»

የባሏ ቃል ያኔ ነው ጆሮዋ የገባው።

አማቷ ከዓምዱ ጀርባ ባለው የመጨረሻ ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ጣል አድርገው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከአጠገባቸው ያሉት ሰዎች እንቅልፋቸውን ላለመረበሽ ቀስ ብለው ነበር የሚያወሩት። ምላጭ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እጃቸውን ያዘች፤ ቆዳውን ብትቆነጥጠው እንደተነሣ ቀረ። እማማ አለቻቸው። ዓይናቸው ከሽፋሽፍቱ ሥር ተንቀሳቀሰ እንጂ አልተገለጠም። በእጃቸው ጨብጠው የያዙት ስልክ በጥሪ ብዛት ይሞቃል።

እንዴት እንደጮኸች አታስታውስም። አልጋ መጣ፣ አሮጊቷ ተጫኑ፣ መጋረጃ ተሳበ። ወጣቱ ሐኪም ስኳር አለባቸው ወይ፣ ደም ግፊት አለባቸው ወይ እያለ ይጠይቃል። ከዚያም በመጨረሻ ውሃ የቀመሱት መቼ ነው አለ።

«ትናንት ማታ፣ እራት ላይ» አለች ምላጭ።

«ለምን? ቀዶ ጥገናው የልጅቷ አይደለም እንዴ?»

የትኛውም ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ትንሽ ውሸት አያጣም፤ እርጅና ነው፣ ረስተው ነው ይላል። እሷም ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ ከልክያቸው ነው» አለች። «ልጅቷ እያየች እንዳይጠጡ አስፈራርቻቸው ነው። ልጅቷ ደግሞ ከእሳቸው ተለይታ አታውቅም፤ ሌሊቱንም በጥማት አልተኛችም።»

ከዚያም ልብስ ሰፊውን፣ በርሜሎችን፣ ጥሬውን፣ በዘር የሚወርደውን ነገር ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገረችው። ሐኪሙ መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ጋውኗን አየ፤ ደም አስቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ የደማቸው ጨው ተቆልሎ ተገኘ። ግሉኮስ ተሰካላቸው፤ መድኃኒቱም ከሌላ ክፍል ተፈልጎ መጣ። በፍጥነት ማረም አይቻልም፣ ጠብታው ቀስ ማለት አለበት፤ እስከ ማታ የሚሆነውን እንጠብቃለን አላት። ይተርፋሉ ወይ ብትለው እንጠብቃለን ብሎ ደገመው። ለሚጢጢም ደም ተቀዳላት፤ እሷ እንኳ በአበባው ውሃ ምክንያት ብዙም አልተጎዳችም።

ምላጭ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ጠብታውን ታይ ጀመር። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ዕድሜዋን ሙሉ የቆጠረችው ነገር እንዲህ አስፈርቷት አያውቅም። ጠብታው አንዲት ሰኮንድ የዘገየ በመሰላት ቁጥር ቀና ብላ ጠርሙሱን ታያለች። በእኚህ ሴት አንጎል ውስጥ ያለውን ካርታ ሳትቆርጥ፣ ሳትነክር ታውቀዋለች፤ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ካርታ እስከ ሰባ ዓመታቸው ኖረዋል። ያኖራቸው የጆጋቸው ውሃ ነበር፤ እሱንም ቆልፋበታለች። ቁልፉ አሁንም የጋውኗ ኪስ ውስጥ ነው። የላቦራቶሪው አይጦች ጥማት እንኳ ሁለተኛው ቀን ሲያልቅ ያበቃል። ለእኚህ ግን መቼ ይጠጡ ብላ ሰዓት አልነገረቻቸውም፤ በቃኝም አላሏትም፤ እሺ ብለው ነው የተቀመጡት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ቀጥሎ ጠርሙሱን። ሐኪሙ መጥቶ ስማቸውን ጠየቃቸው፤ በትክክል መለሱለት። ጣቱን እንዲጨብጡ ሲነግራቸው ጨበጡት። ምላጭ እግዜር ይስጥልኝ አለችው። ሐኪሙ በአፋቸው ጥቂት ጥቂት ሊቀምሱ ይችላሉ ብሎ ብርጭቆ በእጇ ሰጣት።

ራሳቸውን በክንዷ ደግፋ ብርጭቆውን አስጠጋችላቸው። ውሃው ከንፈራቸውን ነካ። ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ በሙሉ ሰውነታቸው ነበር የፈለጉት። ግን አፋቸውን ገጥመው ፊታቸውን አዞሩ። እሷን ጠልተው መሰላት፤ ቢጠሏትም ይገባታል። ብርጭቆውን ለነርሷ ልትሰጥ ስትል አሮጊቷ የሚያዩትን አየች። ሚጢጢ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች።

«ልጅቷ እያየች?» አሉ አማቷ።

ምላጭ ይቅርታ ማለት አቃታት። ሊጠጡ ይችላሉ፣ ቀርቷል፣ ሁሉም ነገር ቀርቷል፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ለማለት አፏን ብትከፍት ልቅሶ ብቻ ወጣ። አሮጊቷ አላመኗትም። ከንፈራቸውን እንደገጠሙ የልጅቷን ፊት ያያሉ።

ሚጢጢ አልጋውን ዞራ መጣችና ብርጭቆውን ከእናቷ እጅ ወሰደች። አንድ ጉንጭ ጠጣች። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ ለአያቷ አቀበለቻቸው፤ ያኔ አፋቸውን ከፈቱ።